«ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት» ለጣና አስጎብኚ፦ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ለእርስዎ መምህር። ባሕር ዳር የምኖር ጀማሪ አስጎብኚ ነኝ፤ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት እወስዳለሁ። እንግሊዝኛ እናገራለሁ፣ እንግዶቹም ይረዱኛል። ግን ‹ኢን›፣ ‹ኦን›፣ ‹አት›፣ ‹ኦፍ›፣ ‹ፍሮም› ላይ ሁልጊዜ እንደተሳሳትኩ ነው። ‹ፈርስት›ን፣ ‹አት ፈርስት›ንና ‹ፈርስት ኦፍ ኦል›ን መለየትም አቅቶኛል። ጓደኛዬ በእንግሊዝኛ በብዛት የሚደጋገሙ ሐረጎች የሚል ረጅም ዝርዝር በቴሌግራም ላከልኝ፤ ‹ኦፍ ዘ›፣ ‹ቱ ሂም›፣ ‹ዋን ኦፍ ዘ›፣ ‹ፎር ዘ ፈርስት› እያለ ይቀጥላል። ልሸምድደው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?»

ወንድሜ፣ ዝርዝሩን አትሸምድደው። እንዲህ ያለው ዝርዝር የሚወጣው በኮምፒውተር ቆጠራ ነው፤ ብዙ ጽሑፍ ይሰበሰብና ጎን ለጎን የተገኙ ቃላት ሁሉ ይቆጠራሉ። የዚህ ሥራ ፈር ቀዳጅ በ1961 በአሜሪካ ከታተሙ ጽሑፎች ተውጣጥቶ በብራውን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የአንድ ሚሊዮን ቃላት ስብስብ ነው። እዚያ ውስጥ «ዘ» ብቻዋን ከመቶ ቃል ሰባቱን ያህል ትይዛለች፤ «ኦፍ» ደግሞ ከመቶ ከሦስት ተኩል በላይ ናት። ስለዚህ «ኦፍ ዘ» የዝርዝሩ አናት ላይ ብትቀመጥ አይግረምህ። ሁለቱም ብዙ ስለሆኑ ተገናኙ እንጂ አንድ ላይ ሆነው የሚሉት ነገር የላቸውም። «ፎር ዘ ፈርስት»ም ጅራቷ የተቆረጠ ናት፤ ሙሉዋ «ፎር ዘ ፈርስት ታይም» ነች፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ» ማለት። ማሽኑ ሦስት ሦስት ቃል ቁጠር ስለተባለ አራተኛውን ጥሎታል።

ከዝርዝሩ አንድ ቁም ነገር ግን ይገኛል። እንግሊዝኛ እነዚህን ትንንሽ ቃላት ብቻቸውን አያሰማራም፤ ከጎረቤታቸው ጋር አስሮ ነው የሚያስቀምጣቸው። አንተ የምትሳሳተው ቃሉን ስለማታውቅ አይደለም፤ «ኢን» ምን እንደሆነ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ታውቃለህ። የምትሳሳተው እስሩን ፈትተህ እያንዳንዷን ቃል ከአማርኛ አቻዋ ጋር ልታጋጥም ስትሞክር ነው። የሚሸመደደው እስሩ ነው፤ እሱም ከአንተው ቀን፣ ከወደብ ተነሥተህ ወደ ወደብ እስክትመለስ ከምትለው ነገር የተወሰደ መሆን አለበት።

የእኛን «በ» ተመልከት። በጠዋት «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው፤ በሌሊት «አት ናይት»፤ በእሑድ ቀን «ኦን ሰንደይ»፤ በእግር «ኦን ፉት»፤ በጀልባ «ባይ ቦት»፤ በቢላ «ዊዝ ኤ ናይፍ»። የአማርኛዋ አንዲት ፊደል እንግሊዝኛ ቤት ስትገባ አምስት ሆና ወጣች። «በ» ማለት «ኢን» ነው ብሎ የያዘ ሰው ከአምስቱ አራቱን ይስታል። «በጠዋት»ን ከ«ኢን ዘ ሞርኒንግ» ጋር ሙሉውን ለሙሉ የያዘ ግን አንዱንም አይስትም።

የቦታዎቹ ከሐይቁ ብንጀምር ይቀላል። ዋናተኛው «ኢን ዘ ሌክ» ነው፣ ውሃው ውስጥ ስላለ። ጀልባው «ኦን ዘ ሌክ» ነው፣ ውሃው ላይ ስለሚንሳፈፍ። እንግዳህ «ኤ ሆቴል ኦን ዘ ሌክ» ሲልህ ግን ውሃ ላይ የተሠራ ሆቴል እየፈለገ አይደለም፤ ሐይቁን ተንተርሶ ዳርቻው ላይ ያለውን ማለቱ ነው። «ባይ ዘ ሌክ» ብትለውም ከሐይቁ አጠገብ ማለት ነውና ትግባባላችሁ። ደሴት አብዛኛውን ጊዜ «ኦን» ይወስዳል፦ «ኦን ዘ አይላንድ»፣ «ኦን ደቅ አይላንድ»። ባሕረ ገብ መሬትም እንዲሁ ነው። «ዘጌ» ብለህ ስሙን ብቻ ስትጠራ ግን እንደ መንደር ይቆጠርና «ኢን ዘጌ» ይሆናል፣ «ኢን ባሕር ዳር» እንደምትለው። ወደቡ «አት» ነው፤ «አት ዘ ጄቲ» ስትል እንግዳው እዚያች ነጥብ ላይ ያገኝሃል።

«ደረሰ» ስትልም ተጠንቀቅ። «አራይቭ ቱ» የሚባል የለም። ከተማ ወይም አገር ከሆነ «አራይቭ ኢን»፣ ወደብ፣ ገዳም፣ ሆቴል ከሆነ «አራይቭ አት» ነው። እኛ «ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባን» ስለምንል «ኢንተር ቱ ዘ ቸርች» ማለት ይቀናናል፤ እንግሊዝኛው ግን «ኢንተር ዘ ቸርች» ብቻ ነው፣ መሃል ላይ ምንም አይገባም። «ስለ» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» እንላለን፤ እሱም «ዲስከስ ኢት» ብቻ ነው። «ከ» ስለምንል «ቤተር ፍሮም» እንላለን፤ እሱ «ቤተር ዛን» ነው።

ተሽከርካሪና ጀልባ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ብልሃት አለ። ውስጡ ቆመህ መሄድ የምትችልበት ከሆነ «ኦን» ነው፦ አውቶቡስ፣ አውሮፕላን፣ መርከብ። ጎንበስ ብለህ ገብተህ የምትቀመጥበት ከሆነ «ኢን»፦ መኪና፣ ታክሲ፣ ባጃጅ። ስለዚህ ጣሪያ ላለው ትልቁ ጀልባ «ኦን ዘ ቦት»፣ አምስትና ስድስት ሰው ለምትይዘው ትንሿ «ኢን ዘ ቦት» ብትል ያምራል። ለደንገል ታንኳ ሁለቱም ያስኬዳል፤ ደንገሉ ላይ ስለሚቀመጡ «ኦን» ቢባል የሚያርምህ አይኖርም። «ባይ» ግን የጉዞውን ዓይነት እንጂ የተወሰነ ጀልባ አይነካም። «ባይ ቦት» ትክክል ነው፤ «ባይ ማይ ቦት» ግን ስህተት ነው፣ «ኢን ማይ ቦት» ወይም «ኦን ማይ ቦት» በል።

አሁን ገዳም ውስጥ እንግባ፣ ምክንያቱም አስጎብኚዎቻችን በብዛት የሚሰናከሉበት ሥዕሉ ፊት ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተህ በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ያሉትን ሥዕሎች ስታሳይ አማርኛህ «ሥዕሉ ላይ ያለው» ይላል። እሱን ይዘህ «ኦን ዘ ፔንቲንግ» ካልክ፣ እንግዳው የሚረዳው ከቀለሙ በላይ ያረፈ ነገር ነው፤ አቧራ ወይም ዝንብ። ሥዕሉ «ኦን ዘ ዎል» ነው፤ በሥዕሉ የሚታየው ቅዱስ ግን «ኢን ዘ ፔንቲንግ» ነው። ፎቶም እንዲሁ፣ «ኢን ዘ ፎቶ»። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረህ ያዛቸው፦ «ዘ ሴይንት ኢን ዚስ ፔንቲንግ፣ ኦን ዘ ኖርዝ ዎል»።

ናርጋ ሥላሴ ደግሞ ሌላ አለ። እቴጌ ምንትዋብ እመቤታችን ፊት ተደፍተው የተሣሉበትን ታውቀዋለህ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። በአማርኛ «በእመቤታችን እግር ሥር» እንላለን፤ ከዚያ «አንደር ሀር ፉት» የሚል አስጎብኚ አለ። ይህ የተረገጠ ሰው ያስመስላል፤ በእንግሊዝኛ የሚባለው «አት ሀር ፊት» ነው። እዚህ ላይ «አት»ን ለምን እንደተጠቀሙ አትመራመር፤ ሦስቱን ቃላት እንዳሉ ውሰዳቸው። ለእቴጌይቱ ክብር ስትል ይህቺን በደንብ ያዛት።

ወደ ተውላጠ ስሞቹ እንምጣ። ችግሩ ያለው የአማርኛ ግስ ተውላጠ ስሙን በሆዱ ስለሚይዝ ነው። «ጠበቀኝ»፣ «ሰማኝ»፣ «ተመለከተኝ»፣ «አስረዳኝ»፣ «ነገረኝ»፣ «ተከተለኝ» በል፤ መጨረሻቸው ሁሉ «‑ኝ» ነው፣ አንድ ዓይነት። እንግሊዝኛው ግን ይለያያል። ተከተለኝ «ፎሎው ሚ»፣ ነገረኝ «ቴል ሚ» ናቸው፣ መሃላቸው ባዶ ነው። ጠበቀኝ «ዌይት ፎር ሚ»፣ ሰማኝ ወይም አዳመጠኝ «ሊስን ቱ ሚ»፣ ተመለከተኝ «ሉክ አት ሚ»፣ አስረዳኝ «ኤክስፕሌን ቱ ሚ» ናቸው። «አለኝ» «ሴይ ቱ ሚ» ሲሆን «ነገረኝ» ያለ «ቱ» መሄዱ ብዙ ሰው ያስመርራል። «ዌይት ሚ»፣ «ሊስን ሚ»፣ «ኤክስፕሌን ሚ» የሚሉት ሦስቱ በከተማችን ከምሰማቸው ስህተቶች ሁሉ የበረቱ ናቸው። ምንጫቸውም ግልጽ ነው፤ አማርኛው ውስጥ «እዚህ ጋ ቃል ጎድሏል» የሚል ምልክት የለም።

በተቃራኒው «‑ልኝ» ስታይ «ፎር» ለማስገባት አትቸኩል። «ደወለልኝ» «ኮልድ ሚ» ነው። «ኮልድ ፎር ሚ» ካልክ መጥቶ ወሰደኝ ወይም አስጠራኝ ወደሚል ይሄድብሃል። «መለሰልኝ»ም «አንሰርድ ሚ» ነው። ለአስጎብኚ ሥራ አራቱን ብቻ አፍህ ላይ አድርጋቸው፦ «ፎሎው ሚ»፣ «ዌይት ፎር ሚ»፣ «ሊስን ቱ ሚ»፣ «ሉክ አት ዚስ»። ቀኑን ሙሉ የምትላቸው እነሱ ናቸው።

አክብሮትም ጣጣ ያመጣል። እዚህ እኛ ጋ መነኩሴውን «አባ መጡ»፣ አዛውንቱን «አንቱ» እንላለን፤ ግሱ ለብዙ ሰው ከምንለው ጋር አንድ ነው። ይህን ይዞ «ዜይ አር ካሚንግ» ያለ አስጎብኚ እንግዶቹን ሁለተኛውን ሰው ያስፈልጋቸዋል። አንድ አባ «ሂ» ናቸው፣ አንዲት እማሆይ «ሺ»። በእንግሊዝኛ «ሂ» ማለት ማቃለል አይደለም፤ አክብሮቱን በድምፅህና «አባ» በሚለው መጠሪያ አኑረው። እርግጥ ጾታው ያልታወቀ ሰው ሲሆን ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለአንድ ሰው «ዜይ» ይላሉ፤ ያ ግን ከአክብሮት ጋር አይገናኝም። «ጀልባዋ መጣች» የምትለዋንም «ሺ» አታድርጋት፤ «ኢት» ናት። «እኔና ባልደረባዬ»ም ተገልብጦ «ማይ ኮሊግ ኤንድ አይ» ይሆናል፣ ራስን ኋላ ማስቀመጥ ጨዋነት ስለሆነ።

«ከእኛ አንዱ» ደግሞ የዝርዝርህን «ዋን ኦፍ ዘ» ያመጣል፤ ከሦስት ቃል ሐረጎች ሁሉ በብዛት ከፊት ከሚሰለፉት አንዷ እሷ ናት። የእኛ «ከ» ወደ «ፍሮም» ትገፋፋለች፤ «ዋን ፍሮም አስ» የሚለው ግን ስህተት ነው። አንድን ነገር ከቡድኑ ነጥለህ ስታወጣ «ኦፍ» ነው፦ «ዋን ኦፍ አስ»፣ «ሰም ኦፍ ዜም»፣ «ሞስት ኦፍ ዘ ገስትስ»፣ «ኢች ኦፍ ዩ»። ከ«ዋን ኦፍ» በኋላ ስሙ ብዙ ቁጥር፣ ግሱ ነጠላ መሆኑንም አብረህ እሰረው። «ዋን ኦፍ ዘ ሞናስትሪስ ኢዝ ፎር ሜን ኦንሊ» ስትል፣ እንደ ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበትን ገዳም ለመናገር፣ ትክክል ብለሃል። «ዋን ኦፍ ዘ ሞናስትሪ» አይባልም።

እዚህ ላይ አንዲት «ዘ» ሒሳብ ታዛባለች። «ስሪ ኦፍ አስ» ማለት ከእኛ ውስጥ ሦስቱ ነው፤ ሌሎችም አሉ። «ዘ ስሪ ኦፍ አስ» ማለት ሦስታችንም፣ ያለነው ሦስት ብቻ ነን ማለት ነው። እንግዳ ስልክ ደውሎ «ዘ ፎር ኦፍ አስ ዊል ካም» ካለህ የአራት ሰው ቦታ ያዝ። «ፎር ኦፍ አስ ዊል ካም» ካለህ ግን ቡድኑ ከዚያ ይበልጣል፤ የቀሩት ሆቴል ይዋሉ ወይም ሌላ ቦታ ይሂዱ ጠይቅ። አማርኛችን ይህን ልዩነት «አራታችን» እና «ከእኛ አራቱ» ብሎ ጥርት አድርጎ ስለሚለይ፣ አንተ ለመረዳት አትቸገርም፤ የምትቸገረው ያቺን «ዘ» ለመስማት ነው። ጆሮህን ለእሷ አሠልጥን።

ይቺ «ከ» ትልቁንና ትንሹን ስታወዳድርም ታሳስታለች። «ከኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ» የሚለው «ዘ ላርጀስት ሌክ ኢን ኢትዮጵያ» ነው። ቦታ ሲሆን «ኢን»፣ ከቡድን ሲሆን «ኦፍ»፦ «ዘ ዩንገስት ኦፍ ዘ ስሪ»። «ፍሮም» ሁለቱም ጋ ቦታ የላትም።

ከሁሉ አብልጬ እንድትይዘው የምፈልገው «እስከ»ን ነው፤ ይህ የገንዘብም የደኅንነትም ጉዳይ ነው። «እስከ ስምንት ሰዓት እንጠብቃችኋለን» እና «እስከ ስምንት ሰዓት ተመለሱ» ስንል አማርኛው አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛው ግን ሁለት አለው። ድርጊቱ ሳይቋረጥ እዚያ ሰዓት ድረስ የሚዘልቅ ከሆነ «አንቲል» ነው፤ መጠበቅ ይዘልቃል፣ ስለዚህ «ዊ ዊል ዌይት አንቲል ቱ»። ድርጊቱ አንዴ የሚሆንና ከዚያ ሰዓት ማለፍ የሌለበት ከሆነ «ባይ» ነው፤ መመለስ አንዴ ነው፣ ስለዚህ «ፕሊስ ቢ ባክ ባይ ቱ»። «ካም ባክ አንቲል ቱ» ካልክ እንግዳው ይደናገራል፤ አንዳንዱ እስከ ስምንት ሰዓት መቆየት የተፈቀደለት መስሎት ከጫካው ውስጥ ቡና ሲጠጣ ይቆያል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣና ሐይቁ ሲናወጥ የሚዘገየውን ጀልባ ዋጋ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።

ሰዓቱን ራሱን በሚመለከት፣ ስድስት ሰዓት ቀንሰህ ወይም ጨምረህ መንገርን እንደምታውቅ እገምታለሁ፤ የእኛ ስምንት የእነሱ ሁለት ነው። የሚቀረው «ሰዓት» የምትለው ቃል ናት። «ሦስት ሰዓት እንነሣለን»ን «ዊ ስታርት ስሪ አወርስ» ያለ ሰው ሁለት ስህተት ሠርቷል፤ ቁጥሩን አልቀየረም፣ የጊዜ ርዝመትንም ከሰዓት ነጥብ ጋር ቀላቅሏል። ነጥቡ «አት ናይን ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው። ርዝመቱ «ፎር ስሪ አወርስ» ነው፣ ለሦስት ሰዓት ያህል። «ኢን ዘ ሞርኒንግ»ን ከቁጥሩ ጋር አብረህ ካልክ ደግሞ ሌላው የሰዓት አቆጣጠር ግራ የሚያጋባበት ቀዳዳ ይዘጋል። «ከሁለት ቀን በኋላ» ስትል «ኢን ቱ ደይስ» ነው፣ «አፍተር ቱ ደይስ» ለወደፊት ቀጠሮ አይመችም። «በሚቀጥለው ሳምንት»፣ «ባለፈው እሑድ»፣ «ዛሬ ጠዋት» የሚሉት ከፊታቸው ምንም አይወስዱም፦ «ኔክስት ዊክ»፣ «ላስት ሰንደይ»፣ «ዚስ ሞርኒንግ»። እኛ «በ» ስላልን «ኢን ኔክስት ዊክ» አይባልም።

አሁን አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባሉት ጋ ደረስን። አማርኛ ለቀን ተራ ቁጥር አይጠቀምም፤ «ጥር 11 ቀን» እንላለን እንጂ «አስራ አንደኛው» አንልም። እንግሊዝኛ ግን ቀንን ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ ደረጃውን ነው የሚጠራው። ጥምቀት መቼ ነው ቢልህ «ኦን ዘ ናይንቲንዝ ኦፍ ጃንዋሪ» በለው። ሲጻፍ «ዘ» እና «ኦፍ» ይጠፋሉ፣ ሲነገር ይመለሳሉ፤ አሜሪካኖች ደግሞ «ጃንዋሪ ናይንቲንዝ» ይላሉ። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ጥር ጥምቀት «ዘ ትወንቲየዝ» ላይ ይውላል፤ በ2024 በእነሱ አቆጣጠር እንደዚያ ነበር። የበዓል ሰሞንን በጅምላ ስትናገር «አት ጥምቀት»፣ ቀኑን ነጥለህ ስትናገር «ኦን ጥምቀት ደይ» ያስኬዳል፤ ለገና «አት ክሪስማስ»፣ «ኦን ክሪስማስ ደይ» እንደሚባለው።

አነባበብ ላይ «ሰርቲንዝ» እና «ሰርቲየዝ» ማለት አሥራ ሦስተኛና ሠላሳኛ መሆናቸውን ለይ። የመጀመሪያው ክብደቱ ኋላ «ቲን» ላይ ነው፣ የሁለተኛው ፊት «ሰር» ላይ ነው። ስልክ ላይ ቦታ ስትይዝ ከተጠራጠርክ የሳምንቱን ቀን አብረህ ጠይቅ፤ ሁለቱ አንድ ቀን ሊውሉ አይችሉም። በጽሑፍ ደግሞ 11፣ 12 እና 13 ቁጥሮች እንደ 1፣ 2 እና 3 አይደሉም፤ ሦስቱም መጨረሻቸው «ቲ-ኤች» ነው። 21 ሲደርስ «ኤስ-ቲ» ይመለሳል።

የታሪክ ገለጻህን በሚመለከት፣ ክፍለ ዘመን ሁልጊዜ «ኢን ዘ» እና «‑ዝ» ይፈልጋል፦ «ኢን ዘ ኤይቲንዝ ሴንቸሪ»። ናርጋ ሥላሴ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። «ኤይቲን ሴንቸሪ» ብትል አሥራ ስምንት መቶ ዓመታት እንደማለት ይሆናል፣ «ኤስ» ብቻ ነው የሚጎድለው። «ኤይቲንዝ ሴንቸሪ» ሲባል የሚጀምረው በ1701 ነው፤ እንግዳው «ሰቨንቲን ሀንድረድስ» ቢልህ ስለ ሌላ ዘመን እያወራ እንዳይመስልህ። ነገሥታቱ ላይ አማርኛ ደረጃውን ከፊት ያደርጋል፣ እንግሊዝኛ ከኋላ። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ «ኢያሱ ዘ ሰከንድ» ናቸው። በሮማ ቁጥር ሁለት መስመር ተጽፎ ብታየው «ኢያሱ ቱ» ብለህ እንዳታነብ።

የሆቴል ፎቅም እንግዳን ያደናግራል። የእኛ አንደኛ ፎቅ ከምድር ቤት በላይ ያለው ነው፤ የእንግሊዝ ሰዎችም «ፈርስት ፍሎር» የሚሉት እሱኑ ነው። አሜሪካዊ ግን «ፈርስት ፍሎር» ሲል ምድር ቤቱን ነው። ከደረጃው በታች ቆመው የሚጠባበቁህ ከሆነ አገራቸውን አስብ።

ማጥኛ መንገዱን ጠይቀሃልና ልንገርህ። ማታ ማታ ከቀኑ የተናገርከውን አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉውን በስልክህ ቅዳው፤ በማግስቱ አንዲት ቃል ብቻ ቀይረህ ድገመው። «ዌይት ፎር ሚ አት ዘ ጄቲ» ካልክ፣ ቀጥሎ «ዌይት ፎር አስ አት ዘ ጄቲ»፣ ከዚያ «ዌይት ፎር አስ አት ዘ ጌት»። ተውላጠ ስሙና ቦታው ይለዋወጣሉ፣ «ፎር» እና «አት» ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። እንግዳህ ራሱ ሲናገር የሰማኸውን ሐረግ ብትጨምር ከማንኛውም ዝርዝር ይበልጣል፤ በቀን ሁለት ሦስት ብትይዝ በቂ ነው።

በመጨረሻ ያነሣሃቸው ሦስቱ። የጉዞውን ቅደም ተከተል ስትናገር «ፈርስት» ብቻ በቂ ነው፦ «ፈርስት፣ ዊ ዊል ጎ ቱ ዘጌ»። «ፈርስት ኦፍ ኦል» ከሁሉ በፊት ማለት ነው፤ ከንግግር መክፈቻ ላይ፣ ለምሳሌ የደኅንነት ጃኬቱን እንዲለብሱ ስታሳስብ ይመጥናል። «አት ፈርስት» ግን «መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነበር፣ ኋላ ተለወጠ» ነው። «አት ፈርስት ዘ ሌክ ዎዝ ካልም» ስትል አድማጩ «በት» ብለህ ማዕበሉን እንድትነግረው ይጠብቃል። ስለዚህ «አት ፈርስት ዊ ዊል ጎ ቱ ዘጌ» ያልከው እንግዳ፣ ፕሮግራሙ የሚቀየር መስሎት ቢጠይቅህ እውነት አለው። «ኢን ዘ ፈርስት ፕሌስ» ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሲጀመርስ» እንደምንለው ነው፤ ቅሬታ ላይ ነው የምትሰማት።

የእነሱ እኅት «አት ላስት» ናት። እሷ «በስንት ጊዜው!» ማለት ናት፤ ሲናፍቁት የቆዩት ነገር ሲደርስ ነው የሚሏት። ጠዋት ፕሮግራም ስትዘረዝር «አት ላስት ዊ ዊል ቪዚት እንጦስ ኢየሱስ» ካልክ፣ ሌሎቹን ገዳማት ጨርሶ ለመገላገል የቸኮልክ ያስመስልብሃል። ለዝርዝሩ ማብቂያ «ላስትሊ» ወይም «ፋይናሊ» በል። «አት ላስት»ን ግን ከናርጋ ሲመለሱ ያ ረጅም ውሃ አልቆ የባሕር ዳር ዘንባባዎች ሲታዩ ማለት ትችላለህ።